ወደ እህቱ ክፍል የገባው ታጋይ

ልጆቻቸው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የትግል ስፖርት ለሚሠለጥኑ ወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ንግግር እንዳቀርብ የጠየቃችሁኝ ወላጆች ያላችሁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ልጆቻችሁ በየትምህርት ቤታቸው የትግል ቡድን ገብተዋል፤ በብርዱ ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገና ሳይነጋ ተነሥታችሁ ታደርሷቸዋላችሁ፤ ለስድስት ደቂቃ ግጥሚያ ግማሽ ቀን በስፖርት አዳራሽ ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ነገር ግን ዳኛው ለምን እጁን እንደሚያነሣ፣ ልጁም ተሸንፎ ሲወጣ ለምን ያን ያህል እንደሚያለቅስ አይገባችሁም። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ልጄ በ13 ዓመቱ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ትግል ማለት በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ገመድ በተወጠረበት መድረክ ላይ አሸናፊው አስቀድሞ ታውቆ የሚካሄደው ትርዒት መስሎኝ ነበርና ወረቀቱን ሳልፈርም ሦስት ቀን አቆየሁት።

ስለ ስፖርቱ በጥቅሉ ከማስረዳት ይልቅ የአንድን ታጋይ ሕይወት ከልጅነቱ አንሥቶ እስከ ኮሌጅ የመጨረሻ ግጥሚያው ልተርክላችሁ መርጫለሁ። ታጋይ ስል በእኛ ዘመን ቃሉ የያዘውን የፖለቲካ ትርጉም ለጊዜው እንድንተወውና ወደ ጥንቱ ፍቺ እንድንመለስ እለምናችኋለሁ፤ የማወራው ምንጣፍ ላይ ባዶ እጁን ቆሞ ከአንድ ሰው ጋር ስለሚገጥም ሰው ነው። ሰውየው ዳን ጌብል ይባላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 64 ጊዜ ገጥሞ 64 ጊዜ አሸንፏል። በኮሌጅ 117 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ተሸንፏል። ሲደመር 181 ድልና 1 ሽንፈት ማለት ነው። በአሜሪካ የትግል ሰዎች ዘንድ የጌብል ስም ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደዚያች አንዲት ሽንፈት ያመራል። እኔ ግን ከሽንፈቷ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በቤተሰቡ ላይ የደረሰውን ሳናውቅ ሽንፈቷም ሆነች ድሎቹ በትክክል አይገቡንም ብዬ አምናለሁ፤ የዚህ ምሽት ነገሬም ይኸው ነው። የእኛ ብዬ ካልጠራኋቸው በቀር የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶችና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ሕግ ጥቂት ልበል። ገጠር ያደጋችሁ ሁሉ ከብት ስንጠብቅ በመስክ ላይ የምንገጥመውን ትግል ታስታውሳላችሁ፤ ተያይዘን እንተናነቃለን፣ በመጨረሻም ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ ይባላል። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ትግልም መሠረቱ ከዚህ አይርቅም። የተጋጣሚውን ሁለት ትከሻ ምንጣፉ ላይ አጣብቆ የያዘ ታጋይ ግጥሚያው የቱንም ያህል ጊዜ ቢቀረው በዚያው ቅጽበት ያሸንፋል። ይህ ካልሆነ በነጥብ ይለያሉ፦ ቆሞ የነበረን ሰው ወደ ምንጣፍ አውርዶ ከላይ መያዝ፣ ከሥር ሆኖ አምልጦ መነሣት፣ ከሥር ተገልብጦ የበላይ መሆን፣ የተጋጣሚን ጀርባ ወደ ምንጣፍ ማዘንበል፣ እያንዳንዱ የራሱ ነጥብ አለው። ከዓለም አቀፉ ነጻ ትግል የሚለይበት ዋና ነገር ደግሞ የተያዘን ሰው ከላይ ሆኖ ረግጦ ማቆየት ራሱ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው፤ በኮሌጅ ግጥሚያ እንዲያውም ሰዓት ያዡ ማን ማንን ምን ያህል ደቂቃ ከሥሩ አድርጎ እንደቆየ ይቆጥራል። ስለዚህ ልጃችሁ ከሥር ተይዞ የማይንቀሳቀስ በሚመስላችሁ ጊዜ፣ ከውጭ የማይታይ፣ በእጅ አንጓና በዳሌ የሚካሄድ ብርቱ ሥራ ላይ ነው።

ጌብል የተወለደው በጥቅምት 1948 አዮዋ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በዋተርሉ ከተማ ነው። ዋተርሉ የትራክተር ፋብሪካና የትልቅ የሥጋ ማሸጊያ ድርጅት ሠራተኞች የሚኖሩባት፣ ብርዷ የበረታ የሠራተኛ ከተማ ነበረች። አዮዋ በበቆሎና በአሳማ እርባታ የምትታወቅ ግዛት ብትሆንም ለትግል ያላት ፍቅር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ፍራንክ ጎች የዚያች ግዛት ገበሬ ልጅ ነበር፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ የትግል ውድድርም ለመጀመሪያ ጊዜ በ1928 የተካሄደው እዚያው አዮዋ ውስጥ በኤምስ ከተማ ነው። በሌላ ግዛት ጎረምሳ ሁሉ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆን ሲመኝ፣ በአዮዋ አዳራሹ ጢም ብሎ የሚሞላው 43 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ልጆች ሲገጥሙ ለማየት ነበር። ይህን የማነሣው ተሰጥኦ ብቻውን እንደማይበቅል ለማሳየት ነው፤ ያ ልጅ ሌላ ቦታ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዋናተኛ ሆኖ ይቀር ነበር። በእርግጥም በልጅነቱ በከተማው የወጣቶች ማዕከል ዋና ይዋኝ ነበር፤ በጀርባ ዋና ጎበዝ ነበር።

እናቱ ኬቲና አባቱ ማክ ጌብል ጠንካራ፣ ቁጡም የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከእሱ በአራት ዓመት የምትበልጥ ዳያን የምትባል አንዲት እህት ነበረችው። በቤታቸው ምድር ቤት የትግል ምንጣፍ ነበር፤ የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ እየወረዱ ይገጥሙ ነበር። ዌስት ሃይ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሠለጠነው ቦብ ሲደንስ ነው። በ1964 የብርድ ወራት ጌብል በ95 ፓውንድ፣ ማለትም በ43 ኪሎ ክብደት፣ የግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ። የ15 ዓመት ልጅ ነበር።

ያ ዓመት ሳያልቅ ሌላ ነገር መጣ። በግንቦት ወር የመጨረሻ ቀን፣ ዳን ከአባቱና ከእናቱ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወደምትገኝ ሃርፐርስ ፌሪ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ ነበር። የ19 ዓመቷ ዳያን በኋላ ልትከተላቸው ቤት ቀርታ ነበር፤ ግን አልመጣችም። በገዛ ቤታቸው ውስጥ ተገድላ ተገኘች። መርዶው ደርሷቸው በመኪና ሲመለሱ ዳን አንድ ነገር አስታወሰ። በሠፈራቸው የሚኖር አንድ ልጅ ከጥቂት ቀናት በፊት ስለ እህቱ ያልተገባ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ዳንም የጎረምሳ ወሬ ነው ብሎ ለማንም ሳይናገር አልፎት ነበር። በመንገድ ላይ ለአባቱ ነገራቸው። ያ ልጅ ተያዘ፤ ዕድሜ ልክም ተፈረደበት።

እናንተ ወላጆች ናችሁና ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። በእኛ አገር ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ፣ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ ለቀስተኛው አርባ ቀን ድረስ እየተመላለሰ ሐዘኑን ይካፈል ነበር። እነሱ ግን ሦስት ሰዎች ሆነው ወደዚያው ቤት፣ ልጃቸው ወደሞተችበት ቤት ተመለሱ። አባትና እናት እርስ በርስ መካሰስ፣ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ቤቱን ሸጦ መሄድ ተነሣ። የእህቱ ክፍል በሩ ተዘግቶ ማንም የማይገባበት ሆነ። ጌብል ራሱ በኋላ ዘመን ደጋግሞ እንደተረከው፣ የ15 ዓመቱ ልጅ አንድ ቀን ወላጆቹን አትሂዱ ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ እህቱ ክፍል ገባ፤ ክፍሉንም መኝታው አደረገው። ቤቱ አልተሸጠም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ በጥድፊያ ይታለፋልና። የልጁ ድርጊት የአንድ ቤተሰብን መፍረስ ያቆመ ድርጊት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትግሉ የራሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። አባትና እናት ልጃቸው በሚገጥምበት አዳራሽ ሁሉ ይገኙ ነበር፤ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ የሚያወሩት ነገር ባያገኙ ስለሚቀጥለው ግጥሚያ ያወሩ ነበር። እሱም ይህን አይቷል፤ ድል ለወላጆቹ ከሐዘናቸው ሌላ የሚመለከቱት ነገር እንደሰጣቸው እንደተረዳ ተናግሯል። እንግዲህ አስቡት፦ ምንጣፍ ላይ የሚወጣው ጎረምሳ በትከሻው የተሸከመው የተጋጣሚውን ክብደት ብቻ አልነበረም። በ1965 በ103 ፓውንድ፣ በ1966 በ112 ፓውንድ እንደገና የግዛት ሻምፒዮን ሆነ፤ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ሌሎች ይህን ቁጥር ሲያዩ የብረት ፈቃድ ያለው ልጅ ይላሉ። እኔ የማየው መሸነፍ የማይፈቀድለትን ልጅ ነው፤ የከለከለው ሰው ደግሞ የለም፣ ራሱን የከለከለው ራሱ ነው።

በዚያው በ1966 የሙቀት ወራት ግን የሆነ ነገር አለ፤ ይህም በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ነው። ከኮሌጅ የመጣ፣ ልምድ ያለው አንድ የአካባቢው ታጋይ ለልምምድ አብሮት ገጠመና ያንን ያልተሸነፈ ሻምፒዮን እንደ ፈለገ አንሥቶ ጣለው። ጌብል እንባው እስኪመጣ ድረስ ተሸነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም የልምምድ ቀን ላያስቀር ለራሱ ቃል ገባ። እኔ ይህችን የልምምድ ሽንፈት ከብዙዎቹ ድሎቹ አስበልጬ አያታለሁ፤ ምክንያቱም ተመልካች የሌለባት፣ ወላጆቹን የማታሳዝን፣ ስለዚህም እፎይ ብሎ ሊማርባት የሚችል ሽንፈት ነበረች። ልጆቻችሁ በቡድናቸው የልምምድ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚወድቁት መውደቅ እንዲህ ያለ ነው። ውድድሩን የምናየው ቅዳሜ ነው፤ ታጋዩ የሚሠራው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከእሱ የሚሻለው ሰው ደጋግሞ ሲጥለው ነው።

ኮሌጅ የገባው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር በተካሄደባት በኤምስ ከተማ ነው። አሠልጣኙ ሃሮልድ ኒኮልስ ራሱ በ1939 ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ታግሎ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ዋና ቡድን ውስጥ መወዳደር አይፈቀድለትም ነበርና ጌብል በብሔራዊ ውድድር የተሳተፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በ1968 በ130 ፓውንድ፣ በ1969 በ137 ፓውንድ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት የውድድሩ ምርጥ ታጋይ ተብሎም ተመረጠ። የአሠራሩን ነገር የሚያውቁት ጓደኞቹ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ እንኳ እንደሚሮጥ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክብደት አስሮ እንደሚመላለስ፣ ከቡድኑ ልምምድ በፊትም በኋላም ብቻውን እንደሚሠራ ይመሰክሩ ነበር። የአጨዋወት ስልቱም ከዚሁ የመነጨ ነው። በአንድ አስደናቂ ጥልፊያ ከሚያሸንፉት ወገን አልነበረም፤ ስምንት ደቂቃ ሙሉ አንዲት ቅጽበት ሳያሳርፍ ገፍቶ፣ ተጋጣሚው በድካም እጁን የሚሰጥበትን ሰዓት ጠብቆ ትከሻውን ምንጣፍ ላይ የሚያጣብቅ ታጋይ ነበር።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እናንተን እንደ መበደል እቆጥረዋለሁ። ታጋዮች በክብደት ምድብ ስለሚገጥሙ፣ ከተፈጥሮ ክብደት ወርዶ ከትናንሾቹ ጋር መግጠም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በጌብል ዘመን ልጆች ሳይበሉ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ የላስቲክ ልብስ ለብሰው በሙቅ ክፍል ውስጥ እየሮጡ በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ይጥሉ ነበር፤ ይህም የጀግንነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ጀግንነት አልነበረም። በ1997 መጨረሻ ከስድስት ሳምንት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ለመቀነስ ሲሞክሩ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር የላስቲክ ልብስንና ለክብደት ተብሎ በእንፋሎት ክፍል መቀመጥን የከለከለው፣ ሚዛኑን ወደ ግጥሚያው ሰዓት ያስጠጋው፣ የእያንዳንዱ ታጋይ ዝቅተኛ ክብደትም በሰውነቱ ውኃና ስብ ልኬት አስቀድሞ እንዲወሰን ያደረገው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ልጃችሁ በጾም ወቅት ሲወዳደር ይህን ለአሠልጣኙ ንገሩ፤ ምራቁን ወደ ጠርሙስ ሲተፋ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሮጥ ካያችሁት ደግሞ ዝም አትበሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ የወላጅ ዝምታ ትዕግሥት አይባልም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1970 ጌብል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ምድቡ 142 ፓውንድ። ብሔራዊው ውድድር የሚካሄደው ከቺካጎ አጠገብ ኢቫንስተን ከተማ፣ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነበር። እስከ ፍጻሜው ድረስ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለው ድሉ 181 ደርሷል። ጋዜጠኛው፣ አሠልጣኙ፣ ተመልካቹ ሁሉ 182ኛውን ለማየት ነው የመጣው። የፍጻሜ ተጋጣሚው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ላሪ ኦዊንግስ ነበር። ኦዊንግስ የኦሪገን ልጅ ነው፤ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በ1968 የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ በጌብል ተሸንፎ ነበር። በ1970 ከዚያ በከበደ ምድብ መወዳደር ይችል የነበረ ቢሆንም ሆን ብሎ ክብደቱን ቀንሶ ወደ 142 የወረደው ሻምፒዮን ለመሆን ብቻ ሳይሆን ጌብልን ለመግጠም መሆኑን ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናገረ።

ጌብል ያን ቃል አነበበው፤ ከልቡም አልወጣለትም። ለዓመታት ተጋጣሚው ማን እንደሆነ ሳይጨነቅ ምንጣፍ ላይ የሚወጣው ሰው፣ በዚያ ሳምንት የሌላውን ሰው ግጥሚያዎች ተቀምጦ ሲያይ ዋለ። ከፍጻሜው በፊት ደግሞ የቴሌቪዥን ሰዎች ለፕሮግራማቸው ማስተዋወቂያ የሚሆን ንግግር እንዲቀርጽላቸው ጠየቁት፤ ሳይሸነፍ 182 አድርጎ ሥራውን ሲጨርስ እንዲያዩት ተመልካቹን የሚጋብዝ ንግግር ነበር። አፉ እየተሳሰረ ደጋግመው እንደቀረጹት ራሱ ተርኳል። ገና በእጅ ያልገባን ድል አስቀድሞ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የእኛ አባቶች ያውቁታል፤ ሳይደርስ የሚነገር ነገር ያስፈራቸዋል፣ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሳይሉ የነገን ጉዳይ አይጠሩም።

ማርች 28 ቀን ማታ ገጠሙ። ኦዊንግስ እንደ ሌሎቹ ለመከላከል አልወጣም፤ ገና ከመጀመሪያው ራሱ አጠቃ፣ ነጥብም ወሰደ፣ መራ። ጌብል እየተመራ መታገል የለመደው ነገር አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን እንደ ልማዱ ገፋ፣ ነጥቡን አጠበበ፣ በመጨረሻው ዙር ቀድሞም ሄደ። አዳራሹ ነገሩ ወደ ተለመደው መስመር የተመለሰ መሰለው። ግጥሚያው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኦዊንግስ እግሩን ይዞ ጣለውና በዚያው ፍጥነት ጀርባውን ወደ ምንጣፍ አዘነበለው። ዳኛው ጣቶቹን አነሣ፤ አራት ነጥብ በአንድ ትንፋሽ። ጊዜው ሲያልቅ ሰሌዳው 13 ለ 11 ይል ነበር።

የሽልማት ሥነ ሥርዓቱን ምስል አይቻለሁ። ተመልካቹ በሙሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ የሚያጨበጭበው በሁለተኛ ደረጃ ላይ ለቆመው ሰው ነው። ጌብል አንገቱን ደፍቷል፤ ቀና ብሎ ሕዝቡን ማየት አቅቶታል። በዚያ ምሽት ቡድኑ አዮዋ ስቴት የብሔራዊ ሻምፒዮናውን ዋንጫ ወስዷል፤ ስለዚህ ጓደኞቹ ደስታ ላይ ነበሩ። እሱ ግን ለዓመታት ስለዚያ ግጥሚያ ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሳቤ እመለሳለሁ። አንድ የ21 ዓመት ወጣት በአንድ ግጥሚያ በሁለት ነጥብ በመሸነፉ ያን ያህል መሰበሩን እንደ ክብር ፍቅር የሚቆጥሩ አሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። ለስድስት ዓመት ያህል ድል በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ሥራ ሌላ ነበር፤ አባትና እናትን አንድ ጣራ ሥር አቆይቷል፣ በእህቱ ክፍል ለሚተኛው ልጅ ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት ሰጥቶታል፣ ምናልባትም ያን ያልተናገረውን የጎረምሳ ወሬ የሚክስበት መንገድ ሆኖታል። ይህ የመጨረሻው የእኔ ግምት ነው፣ እንደ ግምት ውሰዱት። የኢቫንስተኑ ምሽት የወሰደበት ነጥብ ሁለት ቢሆንም የነቀነቀው ምሰሶ ግን ትልቅ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የታየው ነገር ለእኔ ከ181 ድሎች ሁሉ የሚበልጠውም ለዚህ ነው፦ ምሰሶው ተነቀነቀ፤ ቤቱ ግን አልወደቀም። እናትና አባቱ ከተሸነፈው ልጃቸው ጎን አልራቁም፤ ወላጆቹን በድል ብቻ እንዳልያዛቸው ያን ጊዜ ሳያይ አልቀረም።

ጥቂት ቀናት እንኳ ሳያርፍ ወደ ልምምድ ተመለሰ። ሽንፈቱን በፊልም ደጋግሞ አየው፤ ምን ስህተት እንደሠራ፣ የትኛውን ቦታ ሳይሠለጥን እንደተወው አጠና። እሱ ራሱ ደጋግሞ እንደሚለው፣ ያ ሽንፈት ባይደርስበት ኖሮ ቀጥሎ የሆነውን አይሆንም ነበር። በቀን እስከ ሰባት ሰዓት እየሠለጠነ በ1971 ሶፊያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1972 መጀመሪያ ትብሊሲ ሄዶ በሶቪየት ታጋዮች ሜዳ አሸነፈ፤ የሶቪየት አሠልጣኞችም እሱን የሚጥል ሰው ፈልገው እንደሚያገኙ ዛቱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ከኦዊንግስ ጋር እንደገና ተገናኙ፤ ጌብል 7 ለ 1 አሸነፈ።

ስለ ሙኒክ ኦሎምፒክ ብዙ አልናገርም፤ ከኮሌጅ በኋላ ያለ ታሪክ ነውና። በ68 ኪሎ ምድብ ስድስት ጊዜ ገጥሞ ለአንድም ተጋጣሚ አንዲት ነጥብ ሳይሰጥ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ራሱ ተፈንክቶ ተሰፍቶ ነበር፣ ጉልበቱም ከዚያ በፊት የተጎዳ ነበር፣ የመጨረሻውን ግጥሚያ ሶቪየቶች ካዘጋጁለት ከሩስላን አሹራሊየቭ ጋር 3 ለ 0 ጨረሰ። ያ ኦሎምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር፣ ማሞ ወልዴ ደግሞ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዓመቱ የመጨረሻ ዕለት፣ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ያገኙበት ነው፤ በዕድሜ የገፋችሁት ስለዚህኛው ታስታውሳላችሁ፣ በአንድ መንደር ውስጥ አብረው የሰነበቱ ሰዎች ናቸው። ጌብል በኋላ የአዮዋ ስቴት ተቀናቃኝ በሆነው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ እስከ 1997 ድረስ ቡድኑን 15 ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን አድርጓል፤ ከእነዚህ ዘጠኙ ከ1978 እስከ 1986 ያለማቋረጥ የተገኙ ናቸው።

ከወጣቶቹ አንዱ ከንግግሩ በፊት ስለ ሌላው የኮሌጅ ታጋይ ስለ ኬል ሳንደርሰን፣ ከጌብል አይበልጥም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ትክክል ነው፣ ሳንደርሰን በዚያው በአዮዋ ስቴት ከ1999 እስከ 2002 በአራት ዓመት 159 ጊዜ ገጥሞ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፤ በመዝገብ ከሄድን ከጌብል ይበልጣል። የዩታ ልጅ ነው፤ አባቱ የትግል አሠልጣኝ፣ ወንድሞቹም ታጋዮች ነበሩ፣ በቤቱ ውስጥ እየወደቀ ያደገ ልጅ ነው። እሱን አክብሬ አየዋለሁ። ሆኖም ዛሬ የጌብልን የመረጥኩት እናንተ የጠየቃችሁኝ ልጁ ሲሸነፍ ለምን እንደሚያለቅስ ስለሆነ ነው።

ኦዊንግስን ሳልጠቅስ ላበቃ አልፈልግም። በዚያ ምሽት የውድድሩ ምርጥ ታጋይ ተብሎ የተሸለመው እሱ ነበር፤ ይገባዋልም። በ1971ና በ1972 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ ሆነ። ዳግመኛ ብሔራዊ ሻምፒዮን አልሆነም። ጌብልን ያሸነፈው ሰው በመባል ሃምሳ ዓመት ኖሯል፤ ሰው ባገኘው ቁጥር የሚጠይቀው ስለዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው። በዚያ ምንጣፍ ላይ የነበሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ልጆች። ቅዳሜ አዳራሽ ስትገቡ ከልጃችሁ ፊት የሚቆመው ልጅም እናቱ ወይም አባቱ ከወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ብትችሉ ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከእናቶች እንጀምር።